ምዕራፍ ሰባት፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ማለት ለምን አይበቃም

ከደረሰኝ ግርጌ፣ ከሱቅ መስታወት ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከቴሌግራም ቻናል መግለጫ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ብዙ ነጋዴ ይህችን ሦስት ቃል ከጻፈ በኋላ የሽያጭ ደንቡን ጽፎ የጨረሰ ይመስለዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ሻጩን ከሕግ አትከልለውም፣ ገዢውን ታስፈራዋለች፣ ጭቅጭቅ ሲነሣ ደግሞ ለማንም መልስ አትሆንም። በኢንተርኔት ለሚሸጥ ትንሽ ሱቅ የሚያስፈልገው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ ገዢው ብር ከመላኩ በፊት ያነበበው፣ ሻጩም በእርግጥ የሚፈጽመው ጽሑፍ ነው።

አባባሉ በቦታው ምክንያት ነበረው። መርካቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው በጣቱ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ቀለሙን ያያል፣ ይከራከራል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጫማ ከሆነ ለክቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመድበታል። ይህን ሁሉ አድርጎ የገዛ ሰው በማግስቱ «ቀለሙ አልጣመኝም» ብሎ ቢመጣ ባለሱቁ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በስልክ መስኮት የሚገዛ ሰው ግን ያየው ፎቶ ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ፎቶው ሻጩ ያነሣው ሳይሆን ከፋብሪካው ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። ብሩን አስቀድሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ልኳል። ዕቃውን በእጁ የሚይዘው ከከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ በገበያው ከክፍያ በፊት የነበረው ፍተሻ በኢንተርኔት ሽያጭ ከክፍያ በኋላ ይመጣል፤ የመመለሻ ደንብ ማለትም ለዚያ ፍተሻ ጊዜና ሥርዓት መስጠት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በርቀት የገዛ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን እንዲተው የፈቀደው ከዚሁ አስተሳሰብ ተነሥቶ ነው፤ ያላየውን ገዝቷልና ይይ ነው ነገሩ።

በእኛ አገር ሕጉ ምን ይላል? ከብዙው ነጋዴ ግምት በላይ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የማይውል ከሆነ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዘዴ የተነገረለት ጠባይ ከሌለው፣ ያ ጉድለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የተሻለ ዋስትና የሰጠ ሻጭ ካለ የተሻለው ይሠራል። ነጋዴው በውልም ሆነ በማስታወቂያ «ይህን ግዴታ አልቀበልም» ቢል ቃሉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። እንግዲህ የተበላሸ ጁስ መፍጫ የሸጠ ሰው «የተሸጠ አይመለስም ብዬ ጽፌ ነበር» ቢል፣ የጻፈው የማያዋጣው መከላከያ ነው።

ብዙም የማይነገርለት፣ ለትንሽ ሱቅ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው ድንጋጌ በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 ላይ አለ። አንድ ወገን ለደንበኞቹ ሁሉ የሚጠቀምበት አጠቃላይ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ሰው ደንቡን አውቆ ከተቀበለው ነው፤ ወይም ደንቡን የመንግሥት ሥልጣን ያለው አካል ያዘዘው ወይም ያጸደቀው ከሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቻናላችሁን ደንብ አያጸድቅላችሁም። ስለዚህ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ገዢው ማወቅና መቀበል አለበት። ከ4,000 ፖስት ሥር ተቀብሮ ያለ ደንብ አልታወቀም። ከዕቃው ጋር በካርቶን ውስጥ የተላከ ወረቀትም ዘግይቷል፤ ውሉ ያለቀው ገንዘቡ ሲላክ ነበር። ገዢው ዝም ማለቱም ተቀብሏል አያሰኝም፤ ያው ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ መቀበል እንዳልሆነ ይናገራል።

ከዚህ ቀጥሎ ቁጥር 1738ን አስቡ። አንደኛው ወገን ብቻውን ባዘጋጀው ደንብ ውስጥ አጠራጣሪ ቃል ከተገኘ የሚተረጎመው ባዘጋጀው ሰው ላይ ነው። ብዙ ሻጭ ቃሉን ሆን ብሎ ያድበሰብሳል፤ «እንደሁኔታው እናያለን» የምትለዋ አነጋገር በር የምትከፍትለት ይመስለዋል። ሕጉ ግን ያንን በር ለገዢው ነው የሚከፍተው። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ለገዢ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ የሻጩ ራሱ መጠበቂያ ነው።

ሦስት ዓይነት መመለስ

ደንብ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ሊለያቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው እነዚህን ከመቀላቀል ነውና። አንደኛው ዕቃው ራሱ ጉድለት ሲኖርበት ነው፤ ባትሪው አይሞላም፣ የጫማው ሶል ተላቋል፣ የሻይ ስኒው ተሰንጥቆ ደርሷል። ሁለተኛው ዕቃው ደህና ሆኖ የታዘዘው ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ጥቁር ታዞ ቡናማ መጣ፣ 38 ታዞ 40 ተላከ፣ ወይም ፖስቱ «ሌዘር» ብሎ የመጣው ሰው ሠራሽ ቆዳ ሆነ። ሦስተኛው ማንም ሳያጠፋ ገዢው ሐሳቡን ሲለውጥ ነው፤ ልኩ አልሆነም፣ ቀለሙ ከሶፋው ጋር አልሄደም፣ ስጦታ የተገዛለት ሰው አልወደደውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሻጭ ግዴታ አለ፤ ወጪውም የሻጭ ነው። በሦስተኛው የሻጩ የንግድ ውሳኔ ሰፊ ቦታ አለው፤ ምን ያህል ቀን ልስጥ፣ ልቀይር ወይስ ብር ልመልስ፣ ደሊቨሪውን ማን ይክፈል የሚለውን እሱ አስቦ ይወስናል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትልቁ ጥፋቷ ሦስቱን በአንድ ጆንያ መክተቷ ነው። ሻጩ ሐሳቡን የለወጠውን ሰው ለመከላከል የጻፋት ዓረፍተ ነገር የተሰበረ ስኒ የደረሳትን ሴትዮም ታባርራለች፤ እሷ ደግሞ በኮሜንት ላይ ፎቶውን ለጥፋ ለመላው ቻናል ታሳያለች።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው መግለጫ አንድ ነገር ልበል፤ ፖስቱ ራሱ የደንቡ አካል ነውና። ሕጉ በውሉ የተነገረው ጠባይ ከሌለ ጉድለት ነው ካለ፣ «ኦሪጅናል» ብሎ የጻፈ ሻጭ ኦሪጅናል የማቅረብ ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። ገበያው ማስተር ኮፒን ያውቀዋል፣ ይገዛዋልም፤ ስሙን ለውጦ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ያገለገለ ስልክ የሚሸጥም «ስላይትሊ ዩዝድ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ጭረቱ ያለበትን ጎን በቅርብ አንሥቶ፣ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ጽፎ፣ የተቀየረ ስክሪን ካለው ያንን ገልጾ ይለጥፍ። ገዢው ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት በኋላ ሻጩን አያስጠይቅም። የተደበቀው ግን ያስጠይቃል። ጫማ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የውስጥ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ሁለት 39 ቁጥር ጫማዎች እኩል አይደሉም፤ ገዢዋም እግሯን በማስመሪያ ለክታ ማዘዝ ትችላለች። ይህች አንዲት መስመር ከየትኛውም የመመለሻ ደንብ ይልቅ መመለስን ትቀንሳለች።

አንዲት ዓረፍተ ነገር በቅርብ ስትታይ

በየቻናሉ የሚገኝ ዓይነት ደንብ ይኸውና፦ «ዕቃው ችግር ካለበት ወዲያውኑ ያሳውቁን፤ አይተን ተገቢውን እናደርጋለን።» ጨዋ ነው፣ አጭርም ነው፤ ግን ቃል በቃል ስትፈትሹት የቆመበት መሬት የለውም። «ችግር» ምንድን ነው? ልክ አለመሆን ችግር ነው? «ወዲያውኑ» በር ላይ ነው፣ በማግስቱ ነው ወይስ በሳምንቱ? በምን ነው የሚያሳውቁት፣ በስልክ ነው በቴሌግራም? «አይተን» ማለት ዕቃው ተመልሶ መምጣት አለበት ማለት ነው? ያንን ማን ይከፍላል? «ተገቢው» የሚባለውስ መቀየር ነው፣ መጠገን ነው፣ ብር መመለስ ነው? ገዢና ሻጭ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የየራሳቸውን ትርጉም ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚገናኙት በጠቡ ቀን ነው።

አሁን ይህንኑ እንደገና እንጻፈው፦

«ዕቃው ተሰብሮ፣ ሳይሠራ ወይም ካዘዙት የተለየ ሆኖ ከደረሰዎት፣ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ፎቶ ወይም አጭር ቪዲዮ በዚሁ ቴሌግራም ይላኩልን። በ2 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን። ተመሳሳይ ዕቃ ካለን እንቀይርልዎታለን፤ ከሌለን ወይም መቀየር ካልፈለጉ የከፈሉትን ሙሉ ገንዘብ በከፈሉበት መንገድ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን። የደሊቨሪው ደርሶ መልስ ወጪ የእኛ ነው።»

ረዘመ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሐረግ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ምን ሲሆን፣ እስከ መቼ፣ በምን መንገድ፣ ሻጩ በስንት ቀን ይመልሳል፣ ምን ያደርጋል፣ ብሩ በየት በኩል ይመለሳል፣ ወጪው የማን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከደረሰበት መሆኑ ሕጉ ከሰጠው ለገዢው የሰፋ ነው፤ ለክልል ከተማ የሚልክ ሻጭ ይህን ቢያደርግ ፍትሐዊ ነው፣ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ የገዢው ቀን ማለቅ የለበትምና። «በከፈሉበት መንገድ» የምትለዋን አትዝለሏት፤ ብር ከአንዱ ሰው አካውንት መጥቶ ወደ ሌላ ሰው አካውንት እንዲመለስ መጠየቅ የአታላዮች የታወቀ መንገድ ነው።

ለሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ለብቻው፦

«ልኩ ስላልሆነዎት ወይም ሐሳብዎን ስለቀየሩ መመለስ ከፈለጉ በደረሰዎት በ3 ቀን ውስጥ ይንገሩን። ጫማው ውጪ ያልተረገጠበት፣ ካርቶኑና መለያ ወረቀቱ ያልጠፋ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ልክ እንቀይራለን፤ ለመቀየሪያው ዋጋ አንጨምርም፤ የደሊቨሪውን ደርሶ መልስ ግን እርስዎ ይከፍላሉ።»

ብዙ ሻጭ እዚህ ቦታ «በነፃ እንቀይራለን» ብሎ ይጽፍና ቆይቶ የደሊቨሪ ብር ይጠይቃል። ገዢዋ «ነፃ ብላችሁ አልነበረም ወይ?» ብትል እውነቷን ነው። ሦስት ቀን ለምን? አራትም፣ ሰባትም ሊሆን ይችላል። የሚቻላችሁን ያህል ስጡ፤ ከጻፋችሁት ግን አትጉደሉ። ሰባት ቀን ጽፎ በአምስተኛው ቀን ከሚያጉረመርም ሻጭ ሦስት ቀን ጽፎ በደስታ የሚቀይር ይሻላል።

ስለ ቀን ካነሣን፣ በእኛ ዘንድ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እስከ 5/1 ድረስ» የሚል ጽሑፍ ለአዲስ አበባው ገዢ መስከረም 5 ነው፤ ቨርጂኒያ ላለችው እህቱ ግን በዚያ አገር አጻጻፍ ሜይ 1 ነው። «ከሁለት ሰዓት በኋላ አንረከብም» ያለ ሻጭም ማታ ይሁን ከሰዓት ውጪ አገር ያለው ደንበኛው አያውቅም። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ጨምሩ፣ ቀን ስትቆጥሩም «የሥራ ቀን» ወይም «ቀን» መሆኑን ለዩ። እሑድና በዓል ሲደራረብ አምስት የሥራ ቀን ከሳምንት በላይ ይሄዳል።

ቀብድ

በልክ የሚሰፋ ልብስ፣ የታዘዘ ኬክ፣ ስም የሚጻፍበት ጌጥ የሚሸጥ ሰው ሥራ የሚጀምረው ቀብድ ተቀብሎ ነው። «50 ፐርሰንት ቅድሚያ» ማለት የተለመደ ነው። የሚገርመው ግን ቀብድ የሚቀበለው ሰው ስለ ቀብድ ሕግ እንዳለ አለማወቁ ነው፤ ያም ሕግ በእሱም ላይ ይሠራል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንዲህ ይላል፦ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ከተወ ግን የተቀበለውን እጥፍ ይከፍላል። በቁጥር እንየው። የ12,000 ብር የሐበሻ ቀሚስ ታዞ 6,000 ብር ቀብድ ተከፍሏል እንበል። ገዢዋ ብትተወው 6,000 ብሯ ይቀራል። ሻጩ «ጥለቱ ጠፋብኝ፣ አልችልም» ብሎ ቢተወው ግን 12,000 ብር መመለስ ይኖርበታል። «ቀብድ አይመለስም» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ የሚያነሣው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

«የተለየ ስምምነት ከሌለ» የምትለው ሐረግ ለጸሐፊው ሰፊ ቦታ ትሰጠዋለች። እኔ ብጽፈው ቀብዱን ከሥራው ደረጃ ጋር አያይዘው ነበር፦ «ጨርቁ ሳይቆረጥ ትእዛዙን ከሰረዙ ሙሉ ቀብድዎን እንመልሳለን። ከተቆረጠ በኋላ ከሰረዙ ቀብዱ አይመለስም። ጨርቁ የሚቆረጥበትን ቀን አስቀድመን በመልእክት እናሳውቅዎታለን። እኛ በተባለው ቀን ካላደረስን ትእዛዙን ሰርዘው ሙሉ ገንዘብዎን መውሰድ ይችላሉ፤ ወይም አዲስ ቀን መስማማት እንችላለን።» ይህ ለሁለቱም ፍርድ የሚሰጥ ነው። የሰርግ ቀሚስ ሲሆን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትከብዳለች፤ ከሰርጉ በኋላ የደረሰ ቀሚስ ምን ቢያምር ለሙሽራዋ አይጠቅማትም። ለሰርግ፣ ለጥምቀት፣ ለልጅ ክርስትና የሚታዘዝ ልብስ የሚፈለግበትን ቀን ገዢዋ ራሷ እንድትጽፍ ጠይቁና ያንን ቀን የውሉ አካል አድርጉት።

በሩ ላይ

ደሊቨሪ የደንቡ ግማሽ ነው። ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል፤ ሌላ ሦስት አድራሻ ይጠብቀዋል። ገዢዋ «ወንድሜ፣ አንዴ ከፍቼ ልየው» ትላለች። እሱ «እህቴ፣ እኔ አድራሽ ነኝ፣ ለሻጩ ደውይለት» ይላል። ሻጩ ስልክ አያነሣም። ገዢዋ ተቀበለች፤ ውስጥ ገብታ ስትከፍተው ስኒው ተሰንጥቋል። አሁን ሞተረኛው «ደህና አስረክቤያለሁ» ይላል፣ ሻጩ «ከእኔ ደህና ነው የወጣው» ይላል፣ ገዢዋ መሐል ላይ ቀረች።

ይህንን አንድ መስመር ይፈታዋል፦ «ሞተረኛው 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከፍተው ይዩ፤ የተሰበረ ወይም የተለየ ከሆነ አይቀበሉት፣ ምንም አይከፍሉም።» ከሞተረኛው ጋርም ይህንኑ መነጋገርና የሚጠብቅበትን ማሰብ ግድ ነው፤ እሱ ያልሰማውን ደንብ ሊያስፈጽም አይችልም። በአውቶቡስ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ደሴ ለሚላክ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሻጩ ሲያሽግ ዕቃውንና እሽጉን ፎቶ ያንሣ፣ ገዢው ሲከፍት ቪዲዮ እንዲቀርጽ ይጠየቅ። ዕቃው በመንገድ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ማን ይከፍላል የሚለው በጽሑፍ ይኑር። እኔ ሻጭ ይክፈል ባይ ነኝ፤ አጓጓዡን የመረጠውም፣ ያሸገውም፣ ካርጎውን የሚያውቀውም እሱ ነው።

ሊመለሱ የማይችሉ ዕቃዎች አሉ፣ ያንንም በስም መዘርዘር ነው። የውስጥ ልብስ፣ የተከፈተ ኮስሞቲክስ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ሂውማን ሄር፣ ምግብ። ምክንያቱን በግማሽ መስመር ጨምሩ፤ «ለጤና ሲባል» የሚል ቃል ያነበበ ሰው አይቀየምም። ግን እነዚህም ቢሆኑ ጉድለት ካለባቸው ይመለሳሉ፤ ጊዜው ያለፈበት ክሬም የሸጠ ሰው «ኮስሞቲክስ አይመለስም» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም።

ባሕር ማዶ ሲላክ

የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬ፣ ጀበና ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳል፤ እዚያው ተቀምጦ ለወገኑ የሚሸጥም ብዙ ነው። እዚያ ሱቅ የከፈተ ሰው የዚያ አገር ሕግ እንደሚገዛው ይወቅ፤ የአገር ቤቱን ልማድ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ገዢው 14 ቀን አለው። በእሱ ልክና ምርጫ የተሰፋ ልብስ ከዚህ ነፃ ነው። ነገር ግን ከተዘጋጁት ልኮች አንዱን መርጦ ካዘዘ በልክ የተሰፋ አይባልም፤ መብቱ አለው። ሻጩ ይህን መብት ሳይነግረው ከሸጠ ቀኑ በ12 ወር ይራዘማል። ሳይጽፉ መቅረት ይህን ያህል ያስከፍላል። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ደግሞ በርቀት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ሻጩ የሚያስቀረው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ለአዲስ ገቢዎች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግን ሽያጩ ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ ጊዜው 4 ወር ይሆናል፤ በኤሌክትሮኒክ መልእክት መነጋገርም ይቆጠራል። በቅርቡ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የገቡ ቤተሰቦች ይህን መብት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል፤ ለእነሱ የሚሸጡ ወገኖችም እንዲሁ።

አሜሪካ ሌላ ነው። ደህና የሆነ ዕቃ ሐሳቡን ከለወጠ ገዢ መልሶ እንዲቀበል ሻጭን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የየክፍለ ግዛቱ ደንብ ይለያያል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ግን በመላኪያው ቀን ላይ ጥብቅ ነው። ሻጭ በማስታወቂያው ቀን ከጠቀሰ በዚያ ቀን፣ ካልጠቀሰ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ ገዢውን አስፈቅዶ ያዘገያል፣ አለዚያ ገንዘቡን ይመልሳል። «ዕቃው ከአገር ቤት ሲመጣ እንልካለን» የሚል ማስታወቂያ ይህን ደንብ አያሟላም።

ከአዲስ አበባ ለሚልክ ሰው ደግሞ ሁለት መስመር ይበቃል፦ የጉምሩክ ክፍያ ቢመጣ ማን እንደሚከፍልና ዕቃው ቢመለስ የመላኪያው ወጪ የማን እንደሆነ። የመላኪያው ዋጋ ከቀሚሱ ዋጋ ሊስተካከል ስለሚችል ልኩን በቪዲዮ አስለክቶ፣ በጽሑፍ አረጋግጦ መስፋት ከመመለሻ ደንብ ሁሉ ይቀድማል።

የት ይቀመጥ?

ደንቡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ በቻናሉ አናት ላይ ፒን ይደረግ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ገዢዋ «ይህን እፈልጋለሁ» ስትል፣ የአካውንት ቁጥር ከመላኩ በፊት ደንቡ ራሱ በግል መልእክት ይላክላት፦ «የዕቃው ስም፣ ልክ፣ ቀለም፣ ዋጋ፣ የደሊቨሪ ክፍያ፣ የሚደርስበት ቀን ይህ ነው። የመመለሻ ደንባችን ከታች አለ። ከተስማሙ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይመልሱልን፤ ከዚያ የመክፈያ ቁጥሩን እንልካለን።» አንድ መልእክት ናት፤ አንዴ አዘጋጅቶ መቅዳት ይቻላል። ይህች መልስ በቁጥር 1686 የተጠየቀውን ማወቅና መቀበል በእጃችሁ ታስገባለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሰጠ፣ «ወረቀት ላይ አልፈረምኩም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይበቃም።

የቴሌግራም የግል ውይይት ግን አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው እንደሚችል አትርሱ። ስምምነቱን በስክሪንሾት አስቀሩት፤ ገዢም እንዲሁ ያድርግ። ደንቡን ስትለውጡ አሮጌውን ፖስት ኤዲት አታድርጉ፤ አዲስ ጽፋችሁ ቀኑን አስቀምጡበትና እሱን ፒን አድርጉ። ትናንት የገዛ ሰው የሚገዛው በትናንቱ ደንብ ነው። የደንበኞችን ስልክና አድራሻም ከሽያጩ ውጪ ለማንም አትስጡ፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ነገሩ ከእንግዲህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ልማድ ደግሞ ተዉት። አዋጅ 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ ዋጋ የደበቀ ሰው የጻፈውን የመመለሻ ደንብም ገዢ አያምነውም።

አዋጆች ይሻሻላሉ፤ ደንባችሁን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ዕቃችሁ ውድ ከሆነ ደግሞ ለጠበቃ አሳዩት። ከዚያ በፊት ግን ቻናላችሁን ለማያውቅ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስጡትና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስህ ምን ታደርጋለህ? ልኩ ባይሆንህስ? ብርህ በስንት ቀን ይመለሳል? ከጽሑፉ ብቻ መመለስ ካልቻለ እንደገና ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ የመክፈያ ቁጥር የምትልኩት ከዚያ በኋላ ይሁን።